ያውቁ ኖሯል? ድህነት ክፍል ውስጥ ሲገባ

ያውቁ ኖሯል? በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ድሃ የሚባለውን ሰው የለየችበት ወሰን ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። በቀን ሲካፈል 20 ብር እንኳ አይሞላም። ከዚህ በታች ይኖር የነበረው ሕዝብ 23.5 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ በ1988 ዓ.ም. ግን 45.5 በመቶ ነበር። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ሆኖም ምግቡም ልብሱም ደብተሩም እስክሪብቶውም ከዚያች 20 ብር እንደሚወጣ ልብ ይሏል።

ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው፤ ጤፍ የሚታጨደው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። ስለዚህ የገጠር ወላጅ ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ እንዲገዛ የሚጠየቀው ጎተራው ተሟጦ ባለቀበት ወቅት ነው። እናት እንቁላሉን አጠራቅማ፣ ሲብስም ዶሮዋን ገበያ አውጥታ እስክሪብቶ ትገዛለች። እህሉ ሲደርስ ደግሞ ልጁ ለአጨዳና ለውቂያ ይፈለግና ከክፍል ይቀራል። በመስከረም ዘግይቶ የተመዘገበው፣ በኅዳር የጠፋው ልጅ በሰኔ ውጤቱ ሲያንስ «ሰነፍ» ይባላል። ይህ ስም እጅግ ያሳዝነኛል። ሰነፍ ከምንላቸው ልጆች ብዙዎቹ የቸገራቸው ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? አንድ ልጅ በትምህርት ምን ያህል እንደሚገፋ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የሚሆን ነው። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት አንድ ሺህ ቀናት በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ይቀነጭራል። ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚያጥረው፤ የአእምሮውም እድገት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ለሥራ ከደረሱት ሰዎች 67 በመቶው በልጅነታቸው የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ ልጅ ከሌላው በአማካይ በ1.1 ዓመት ያነሰ ይማራል፤ ክፍል ከሚደግሙትም 16 በመቶው የሚደግሙት ከመቀንጨር ጋር በተያያዘ ነው። ጥናቱ አገሪቱ በሕፃናት የምግብ እጥረት ሳቢያ በአንድ ዓመት ብቻ ያጣችውን 55.5 ቢሊዮን ብር ብሎ አስልቶታል፤ ይህም የዚያን ዓመት ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን በ2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል።

ችግር ሐሳብንም ይሻማል። በህንድ ታሚል ናዱ ግዛት የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ከምርት በፊትና በኋላ የአእምሮ ፈተና ተሰጥቷቸው ነበር። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት፤ ገንዘብ ባጠረው ሰሞን ግን ውጤቱ ዝቅ አለ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የታተመው። የቤት ኪራይ ያልከፈለች እናት ልጇን ለማስጠናት ስትቀመጥ ልቧ የት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ትንሽ የሚመስል እርዳታ ግን ብዙ ይለውጣል። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ አካባቢ በ75 ትምህርት ቤቶች የአንጀት ትል መድኃኒት ሲሰጥ፣ ከትምህርት መቅረት በሩብ ያህል ቀንሷል። እዚያው ምዕራብ ኬንያ ነፃ ዩኒፎርም የተሰጣቸው ልጃገረዶች ደግሞ ትምህርት ማቋረጣቸው ቀንሷል፤ በለጋ ዕድሜ ማርገዛቸውም እንዲሁ። አንድ ፍሬ ክኒን፣ አንድ ሸሚዝና ጉርድ!

ያውቁ ኖሯል? በዚህ አገር የተራበ ተማሪን መመገብ ከመንግሥት ምገባ በፊት የቆየ የመንደር ልማድ ነው። የቆሎ ተማሪው ከትውልድ ቀየው ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ የተረፈውን ፀሐይ ላይ አድርቆ ያቆየዋል። ቁራሹን የምታወጣለት እናት ብዙ ጊዜ ራሷ የጠገበች አይደለችም። ቅኔውም ዜማውም ድጓውም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በእነዚህ እናቶች እንጀራ ጭምር ነውና፣ የትምህርት ታሪካችን ሲጻፍ እነሱን መዝለል ነውር ይመስለኛል።

የአሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት መሥራች አቶ አስፋው የምሩ ከቡልጋ ወደ አዲስ አበባ በሕፃንነታቸው መጥተው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያድሩ ነበር። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የመማር ዕድል ሲያገኙ ከተማሪዎች የተረፈው ምግብ ሲደፋ ተመለከቱ፤ አስፈቅደውም በር ላይ ለተሰበሰቡ ድሃ ልጆች ያካፍሉ ጀመር። ልጆቹ ግን መማርም ይፈልጉ ነበር። ያኔ ገና ተማሪ የነበሩት አስፋው ከትልቅ ዛፍ ሥር አስቀምጠው አስተማሯቸው። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ተወለደ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የልጆች ሽልማት ተቀብለዋል። ትርፍራፊ ምግብ ሲደፋ ስንቶቻችን አይተን አልፈናል? እሳቸው ግን ቆመው ለመኑ።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጅማሬው 300,000 ያህል ተማሪዎችን ይዞ ነበር። ከዚያ ቀደም የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር የአቅሙን ያህል ሲመግብ ቆይቷል። ከምገባው በፊት ባዶ ምሳ ዕቃ ይዘው የሚመጡ፣ በምሳ ሰዓት ከጓደኛ ዓይን የሚሸሸጉ ልጆች ነበሩ። ዛሬ የሚያበስሉት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው፤ ልጅ ሲበላ እናትም ሥራ አገኘች ማለት ነው።

ልጅን ከክፍል የሚያስቀረው ረሃብ ብቻ አይደለም። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚደገም የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቁማለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባለችው በዚሁ ሥራዋ ነው። በወር አበባ ምክንያት ከክፍል የምትቀር ልጅ ብዙ ትምህርት ያመልጣታል፤ ለወላጇም ለመምህሯም ለመናገር ታፍራለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የማታ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ከቆሙ ወጥ ቤቱን አጽድታ፣ እጇን አደራርቃ፣ ደብተሯን በፌስታል ይዛ የምትሮጥ የቤት ሠራተኛ ያያሉ። ስትቀጠር ደላላው ፊት ከደመወዝ ቀጥላ «ማታ እንድማር ይፈቀድልኛል?» ያለችው እሷ ናት። ሁሉም ግን ለመጠየቅ አይደፍሩም። የማታው ምዝገባ የሚካሄደው ክረምቱ ማብቂያ ላይ ነውና፣ ቤትዎ ያለችው ካልጠየቀችዎ እርስዎ ይጠይቋት።