ለአሮጌ ፒክ አፕ መኪና የኋላ ዲፈረንሻል አመራረጥ

ነጋዴ ዕቃውን ከገበያ ወደ ገበያ የሚያመላልስበት መኪና ከመደብሩ የማይተናነስ የሥራ መሣሪያው ነው። መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ሲያድር የገበያው ቀን ያልፋል፤ አትክልቱ ይበላሻል፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ ሻጭ ይዞራል። በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ፒክ አፖች፥ ይልቁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩት የቶዮታ ሃይሉክስ መኪኖች፥ ዛሬም የንግዱን ጭነት ይሸከማሉ። የእነዚህ መኪኖች ሞተር ገና ጤነኛ ሳለ የኋላ ዲፈረንሻላቸው ጥርሱ ተበልቶ መጮኽ የጀመረ እንደ ሆነ፥ ባለ ንብረቱ ሌላ ለመግዛት ይነሣል። በዚህ ጊዜ የሚደረግ ስሕተት ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስለ ሆነ፥ አመራረጡን ማወቅ ለባለ መኪናውም፥ ለመለዋወጫ ነጋዴውም፥ ለአስመጪውም ይጠቅማል።

ዲፈረንሻል ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው፥ መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፥ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ ከካምቢዮ የሚመጣውን ፈጣን ዙር ቀንሶ ወደ ጉልበት መለወጥ ነው። ይህም የሚሆነው ትንሹ ፒኞን ትልቁን ኮሮና ሲያዞር ነው። ኮሮናው 41፥ ፒኞኑ 10 ጥርስ ቢኖራቸው ምጣኔው 4.10 ይባላል፤ 39 እና 8 ቢሆኑ 4.875 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጉልበቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሞተሩ ለአንድ ዐይነት መንገድ የበለጠ ይዞራል። ለምሳሌ ቁመቱ 28 ኢንች የሆነ ጎማ ያለው መኪና በአራተኛ ማርሽ፥ ማለት ካምቢዮው አንድ ለአንድ ሲያዞር፥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ በ4.10 ሞተሩ በደቂቃ 2,450 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በ4.875 ግን ወደ 2,910 ይደርሳል። ስለዚህ የምጣኔው ምርጫ የነዳጅና የሞተር ዕድሜ ጉዳይ ጭምር ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱ በመንገዱና በጭነቱ ይወሰናል። በደጋው አገር አየሩ ቀጭን ነው፤ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ቱርቦ የሌላቸው የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ጉልበታቸው ይቀንሳል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዐባይን ሸለቆ የሚያቋርጠው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ጭነት ይዞ በእንዲህ ያለው ቦታ ለሚመላለስ መኪና ከፍ ያለው ምጣኔ ሲወጣ ያግዛል፤ ሲወርድም ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ በማድረግ ፍሬኑን ከመጋል ይጠብቃል። በሜዳና በአስፋልት ቀላል ዕቃ ለሚያደርስ መኪና ግን 4.10 የነዳጅ ቁጠባ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት የጎማውን ነገር ነው። የ28 ኢንቹን ጎማ አውልቆ 31 ኢንች ያስገባ ሰው ዲፈረንሻሉን ሳይነካ ምጣኔውን ቀንሷል፤ 4.10 የነበረው እንደ 3.70 ሆኖ ይሠራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ደከመ ብሎ ወደ መካኒክ የሚሄደው ስለዚህ ነው። የቀድሞውን ጉልበት ለመመለስ 4.54 ያህል ስለሚያስፈልገው፥ ከቶዮታ ምጣኔዎች መካከል 4.556 የሆነው በትክክል ይስማማዋል። ደግሞም ፍጥነት መለኪያው የሚነዳው ከካምቢዮ ስለ ሆነ፥ ጎማው ብቻ የተለወጠ እንደ ሆነ 80 እያሳየ መኪናው 88 ኪሎ ሜትር ይሮጣል።

ከመግዛት በፊት የነባሩን ምጣኔ ማወቅ ግድ ነው። በሞተሩ ክፍል በተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ የአክሱሉ መለያ ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ አሮጌ መኪና አስቀድሞ ተለውጦለት ሊሆን ስለሚችል በእጅ መቍጠር ይሻላል። የፊት ጎማዎችና መሬት ላይ የሚቀረው የኋላ ጎማ በታኮ ከታገዱ በኋላ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ማርሹም ነጻ ይደረጋል። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቶ ሁለት ሙሉ ዙር ሲያዞሩት፥ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅም ዘንግ የዞረበት ቍጥር ምጣኔው ነው። ከአራት ዙር ጥቂት ካለፈ 4.10፥ አምስት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው 4.875 መሆኑ ይታወቃል። አራቱም ጎማ በሚነዳበት መኪና የፊቱና የኋላው ምጣኔ አንድ መሆን አለበት፤ የተለያዩ እንደ ሆነ የፊቱ ሲያያዝ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ተጣልተው ይሰበራሉ።

የሃይሉክስ ዲፈረንሻል ሰሚያሶቹ ከተሳቡ በኋላ እንዳለ ወደ ፊት ስለሚወጣ፥ ሙሉውን ገዝቶ መተካት ይቻላል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የሚገዛ ሰው፥ የጥርሶቹን ፊት በብርሃን ይመልከት፤ ሰማያዊ የቃጠሎ ምልክት ወይም የተሸረፈ ጥርስ ያለበትን አይቀበል። ኮሮናና ፒኞን አብረው የተሞረዱ ጥንዶች ናቸውና ከአንዱ ኮሮና ከሌላው ፒኞን አይገጣጠምም። በሁለቱ መካከል የሚተወውም ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፥ ያለ መለኪያ በግምት የሚያስተካክል መካኒክ አዲሱንም ዕቃ ያበላሻል።

ማሻሻያን በተመለከተ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። መጀመሪያ ርካሹ ይሠራ፤ ኩሽኔታውና የዘይት ማገጃው ይለወጥ፤ የአክሱሉ መተንፈሻ ይጸዳ። መተንፈሻው ሲደፈን ግፊቱ ዘይቱን ገፍቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋልና። ዘይቱም ኤስ.ኤ.ኢ. 90 እና ኤ.ፒ.አይ. ጂ.ኤል. 5 የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን። አዲስ ጥርስ የገባለት መኪና የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ቀለል ባለ ጭነት ሄዶ ዘይቱ ይቀየርለት። ከዚህ በኋላ በጭቃ መንገድ የሚሠራ ሰው ሁለቱን ጎማ አንድ አድርጎ የሚቈልፍ መሣሪያ ቢጨምር ይጠቀማል፤ በተራው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሾር ሌላው ጉልበት አያገኝምና። በአስፋልት ብቻ ለሚሄድ ግን ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከሁሉም በላይ፥ በእነዚህ መኪኖች ሰሚያሱ የጭነቱንም ክብደት ስለሚሸከም፥ የዲፈረንሻሉ መጠንከር የመኪናውን የጭነት ልክ አያሳድግም፤ ልኩን አልፎ የሚጭን ሰው በሰውም በንብረትም ላይ አደጋ ይጠራል።

ይህ ጉዳይ አስመጪውንም ይመለከታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቈጠር እጅግ ከብዷል። «የሃይሉክስ ዲፈረንሻል» ብሎ ብቻ የሚያዝዝ ነጋዴ፥ ገዢ የሌለው ምጣኔ መጋዘኑን ሞልቶበት ገንዘቡ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ በትእዛዙ ወረቀት ላይ የመኪናው ሞዴልና የተሠራበት ዓመት፥ የሞተሩ ዐይነት፥ የአክሱሉ መለያ፥ የጥርሶቹ ቍጥርና መኪናው በሁለት ወይስ በአራት ጎማ የሚነዳ መሆኑ ይጻፍ። ሻጩም ለገዢው ከዋጋው አስቀድሞ ስለ ጎማው መጠንና ስለሚሄድበት መንገድ ቢጠይቀው፥ ዕቃው ተመልሶ አይመጣበትም፤ ደንበኛው ግን ይመለሳል።