ዋግምት፣ አሪቲና የቻይናውያን አዲስ ዓመት

ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. የኛ ሰው አስተርእዮ ማርያምን ሲያነግሥ፣ ቻይናውያን የእባብ ዓመት የሚሉትን አዲሱን ዘመናቸውን ተቀበሉ። ሁለቱ በዓላት የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። የፀደይ በዓል የሚባለው የቻይናውያን አዲስ ዓመት እንደ እንቁጣጣሽ ቀኑ የተቆረጠ አይደለም፤ በጥርና በየካቲት መካከል ይመላለሳል። በ2018 ዓ.ም. ለምሳሌ የፈረስ ዓመት የሚገባው የካቲት 10 ነው። ወራቸውን በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ ቆጠራው ከፀሐይ ርቆ ወቅቱን እንዳያዛባባቸው ደግሞ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ አንድ ወር ይጨምራሉ። ይህ 19 የሚባል ቁጥር ለባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የኛም አባቶች ዓመቱን ለ19 ገድፈው ወንበርና አበቅቴ ያወጣሉ፤ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚታወቀውም ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ዩኔስኮ የፀደይን በዓል እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች ተርታ አስገብቶታል። መስቀልና ጥምቀት፣ ፍቼ ጨምበላላና የገዳ ሥርዓት የሰፈሩበት መዝገብ መሆኑ ነው።

በአገራችን የበዓሉ ዋና ቦታ አዲስ አበባ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት የሚገኙት የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩቶች ቻይንኛ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን በዓሉን ከመምህራኖቻቸው ጋር የሚያከብሩባቸው ቤቶች ናቸው። ተማሪዎቹ በቻይንኛ ይዘፍናሉ፣ ቀይ ወረቀት አጣጥፈው በመቀስ አበባና እንስሳ ያወጣሉ፣ በብሩሽና በጥቁር ቀለም ፊደል ይጥላሉ። ሻይ ይቀዳል፤ የታይ ቺ እንቅስቃሴ በዝግታ ይታያል።

ነቀምቴ ከዚህ ሁሉ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወለጋና ቻይና ግን የሚተዋወቁት በሌላ መንገድ ነው። በሆሮ ጉድሩ ወለጋ 97 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የፊንጫ አመርቲ ነሼ የኃይል ማመንጫ የገነባው የቻይናው ጌዡባ ኩባንያ ነው፤ ሥራው ተጠናቆ የተመረቀው በ2004 ዓ.ም. ነበር። ቡናውም አለ። በዓለም ገበያ ለቀምት እየተባለ የሚሸጠው ፍሬው ጎላ ያለ የወለጋ ቡና የረጅም ጊዜ ስም ያለው ነው፤ በሻይ የምትታወቀው ቻይና ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ቡና ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ሆናለች።

የሻይ ሥርዓታቸውን በቅርብ ያየ የወለጋ ሰው ብዙም አይደናገርም። ትንሽ የሸክላ ማንቆርቆሪያ አለች፤ እጀታ የሌላቸው ትንንሽ ስኒዎች በትሪ ላይ ይደረደራሉ። ቅጠሉ ላይ መጀመሪያ የሚፈስሰው ሙቅ ውኃ ለማጠቢያ ስለሆነ አይጠጣም፣ ይደፋል። ከዚያ በዚያው ቅጠል ላይ ደጋግሞ ውኃ ይጨመራል፤ በየዙሩ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ጠጪው እያንዳንዱን ዙር እያጣጣመ ይጫወታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ላደገ ሰው የሚነገረው ብዙ የለም።

ቋንቋው ግን ጉልበት ይጠይቃል። የአማርኛ መደበኛ ፊደል 33 በ7 ተባዝቶ 231 ነው። ቻይንኛ ጋዜጣ ሳይቸገር ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ምልክት አንድ በአንድ ማጥናት አለበት። ያም ሆኖ ተማሪ አልታጣም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቻይንኛ እንጀራ ያበላል። በፋብሪካ፣ በመንገድ ሥራና በንግድ ድርጅት አስተርጓሚ ይፈለጋል። ቻይናዊው ኢንጂነርና ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ በምልክት ብቻ ሲግባቡ የሚባክነውን ጊዜ፣ የሚፈጠረውን ቅያሜም ሥራው ላይ የዋለ ያውቀዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቻይንኛ የሚወዳደሩበት የቻይንኛ ድልድይ የተባለ ዓመታዊ ውድድርም አለ፤ በኢትዮጵያ ያሸነፈ ወደ ቻይና ሄዶ ከሌላው ዓለም ተማሪ ጋር ይፎካከራል።

ከበዓሉ ሁሉ የወለጋ ሰው ዘለግ አድርጎ ቢያየው የሚጠቅመው ግን የጤናው ነገር ነው።

ከታይ ቺ እንጀምር። ለዓይን ዳንስ ይመስላል፤ መሠረቱ ግን የውጊያ ጥበብ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሄናን ክፍለ ሀገር በሚገኘው የቼን ቤተሰብ መንደር ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ በየመናፈሻው አረጋውያን የሚሠሩት ባለ 24 እንቅስቃሴው አጭር ዓይነት የተቀናበረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ጉልበት በርከክ ይላል፤ የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ይሻገራል፤ እጅ አየሩን እንደሚገፋ ሆኖ ይዘረጋል። ሽማግሌዎች ይህን ዘወትር ሲሠሩ ሚዛናቸው እንደሚጠብቅና የመውደቅ አደጋቸው እንደሚቀንስ በርካታ ጥናቶች አረጋግጠዋል። መሣሪያ አይፈልግም፤ ስታዲየምም አያሻውም፣ ደጅ ይበቃዋል።

ሄናን ለኢትዮጵያ ሌላም ነገር ሰጥታለች። ቻይና ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራችን የምትልካቸው የሕክምና ቡድኖች የሚመጡት ከዚያ ነው። ከሚሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ካጠለቀቻቸው ሁለት ወርቆች ነው። ወገባቸውን ወይም አንገታቸውን የሚያማቸው ታካሚዎች እዚያ በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠውን አኩፓንክቸር ያገኛሉ። መርፌው መድኃኒት የለውም፤ በተመረጡ የሰውነት ቦታዎች ላይ ተሰክቶ ጥቂት ቆይቶ ይነቀላል። ለሰነበተ ሕመም እፎይታ እንደሚሰጥ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ከእፎይታው ስንቱ የመርፌው፣ ስንቱ የታካሚው እምነት ነው የሚለው ግን ሐኪሞችን ዛሬም ያከራክራል። ለአንድ ሰው የዋለ መርፌ ለሌላ ሰው አለመዋሉ ግን ክርክር የለውም።

ከመርፌው ጎን ብርጭቆ ይመጣል። ሐኪሙ በአልኮል የራሰ ጥጥ በመቆንጠጫ ይዞ ይለኩሳል፣ ነበልባሉን በብርጭቆው ውስጥ ለቅጽበት አሳልፎ ያወጣል፣ ብርጭቆውን ወዲያው ጀርባ ላይ ይደፋል። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ቆዳው ወደ ላይ ይሳባል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲነሣ ክብ ወይን ጠጅ ምልክት ይቀራል። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ እንዲህ ያለ ምልክት በትከሻው ይዞ ሲቀርብ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። እኛ ግን ጉድ የምንልበት ምክንያት አልነበረም፤ ዋግምት ነው። ጫፉ የተበሳ ቀንድ ሕመም ባለበት ቦታ ላይ ይደረጋል፣ አዋቂው አየሩን በአፉ ይመጥጣል፣ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል። ቆዳው አስቀድሞ ከተበጣ ደም ይወጣል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው፤ ምላጩም ቀንዱም ከሰው ወደ ሰው ከተዘዋወረ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው ግን አንዲት ቢጫ ክኒን የሠራችውን ያህል አልሠሩም።

ወባ ለወለጋ ሩቅ አይደለችም። የደዴሳ ሸለቆ የታወቀ የወባ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ሲመዘገብ፣ ክፉኛ ከተጠቁት መካከል የምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ነበሩ፤ በአካባቢው የነበረው ግጭት ጤና ጣቢያዎችን ማጎሳቆሉ መከራውን አብሶታል። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ገዳዩ የወባ ዓይነት የተገኘበት ሰው በ3 ቀን 6 ጊዜ እንዲወስድ የሚሰጠው ኮአርተም፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ዋና የወባ መድኃኒት ሆኖ የቆየው፣ በውስጡ ሁለት መድኃኒቶች አሉት፤ ሁለቱም የተገኙት ቻይና ውስጥ ነው። አንደኛው ዘሩ ከባህል ሕክምና የተመዘዘ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 1967 ነው። በቬትናም ጦርነት ከጥይት ባልተናነሰ ወባ ወታደር ስትፈጅ፣ የቻይና መንግሥት ፕሮጀክት 523 የተባለ ምሥጢራዊ ምርምር አስጀመረ። ከመሪዎቹ አንዷ የሆኑት ቱ ዩዩ ዶክትሬት አልነበራቸውም፤ ውጭ አገርም አልተማሩም። ከባልደረቦቻቸው ጋር የጥንት መጻሕፍትን አገላበጡ፣ የባህል ሐኪሞችን ጠየቁ፣ ከ2,000 በላይ የመድኃኒት ቅመማዎችን ሰበሰቡ። ከነዚህ አንዱ ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር በዝምድና የሚመደብ ተክል ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ወባን መታ፤ ሲደገም ግን እምቢ አለ። ቱ ዩዩ ተመልሰው ያነበቡት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረውን የጌ ሆንግን የሕክምና መጽሐፍ ነው። ጌ ሆንግ ተክሉን አፍልቶ ሳይሆን ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ ማጠጣትን ጽፎ ነበር። ለካ ፈዋሹን ነገር ሲገድለው የኖረው የማፍላቱ ሙቀት ነው! በ35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላ ኤተር አወጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና በአይጥ ላይ ያለውን የወባ ተውሳክ ጠራርጎ አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ለሕመምተኛ ከመሰጠቱ በፊት ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ዋጡት። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ84 ዓመታቸው ነው።

አሪቲ ወይም ጭቁኝ አፍልቶ በመጠጣት ግን ወባ አይድንም። የወገን ተክሎች ቢሆኑም በመድኃኒቱ ይዘት አይመሳሰሉም፤ የቻይናውን ተክል ራሱን በሻይ መልክ መጠጣትንም የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም፤ መጠኑ አይታወቅምና። የባህል መድኃኒት ሁሉ ገር ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጂየም ለመክሳት ብለው የቻይና ቅጠል የተቀላቀለበት ክኒን ከወሰዱ ሴቶች መካከል መቶ ያህሉ ኩላሊታቸው ተጎድቷል። እኛም ዘንድ መጠኑን ያለፈ ኮሶ ዓይን እንደሚያጠፋ ድሮም ይታወቃል።

የቱ ዩዩ ዓይነት ታሪክ በኢትዮጵያም አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ አድዋ ሄደው ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ተውሳክ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩ ገባቸው። እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ በእንዶድ ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጩ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ወለጋ እንዶድን አንዶዴ ብላ ታውቀዋለች፤ ቢልሃርዚያም በፊንጫ ሸለቆ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጌ ሆንግ ጽፎት ስለነበር ቱ ዩዩ ከ1,600 ዓመት በኋላ አነበቡት። የወለጋ ወጌሻና መድኃኒት አዋቂ የሚያውቀውን ሥርና ቅጠል በአብዛኛው የያዘው በልቡ ነው፤ ለልጁ ካልነገረ አብሮት ይቀበራል። ለመጻፍ ደግሞ ነቀምቴ እንግዳ አይደለችም። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ከ500 የማያንሱ የኦሮሞ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በቃል ከሰማችው ጽፋለች፤ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 እሷና ኦኔሲሞስ ነሲብ ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ወጥተዋል። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሰው በዚያው አስተምረዋል።

የቻይና ባህል ቀን አንድ ዓመት በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢከበር፣ ከብርጭቆውና ከመርፌው ጠረጴዛ ጎን ለቀንዱና ለቅጠሉ የሚሆን ሌላ ጠረጴዛ መቀመጥ ይገባዋል። የሆሮ፣ የነጆ፣ የደምቢ ዶሎ አዋቂዎች ተጋብዘው፣ የዕፅዋትና የፋርማሲ ተማሪዎች ደብተር ይዘው፣ ቅጠሉ ደርቆ በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ የት እንደበቀለና ማን እንደነገረ ይጻፍበት። አዋቂዎቹ ዕውቀታቸውን የሚደብቁት ሌላ ሰው ይከብርበታል ብለው ነው፤ ሥጋታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በጤፍ ላይ አንድ የደች ኩባንያ ያወጣው የባለቤትነት መብት በሄግ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ዓመታት ወስዷል። ለዚህ የወጣ ሕግ ግን አለ፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998። የማኅበረሰብን ዕውቀት ሊጠቀም የሚፈልግ ማንም ቢሆን አስቀድሞ የባለቤቱን ማኅበረሰብ ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ከጥቅሙም እንዲያካፍል ያዝዛል።