ጥልቀት በሌለው ውሃ ለዓሣ ማስገሪያ ጀልባ የሚሆን መልህቅ ስለ መምረጥ

ባሮ በክረምትና በበጋ አንድ ወንዝ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መሠረት ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ የተፈቀደበት የጋምቤላ ወደብ እንኳ የእንፋሎት መርከቦችን ያስተናግድ የነበረው ወንዙ በሚሞላባቸው ወራት ነበር። በበጋ ውሃው ይጎድላል፤ አሸዋውም ይገለጣል። ስለዚህ የአስጋሪዎች ማኅበር መልህቅ ከመግዛቱ ወይም ከማሠራቱ በፊት፣ ጀልባዋ በየትኛው ወቅትና በምን ዓይነት ወለል ላይ እንደምትቆም የልማት ሠራተኛው አብሮ ማጣራት ይኖርበታል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ድንጋይ በገመድ አስሮ መጣል ነው። ወጪ የለውምና አንነቅፈውም። ነገር ግን 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። በሌላ በኩል የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በጀልባዋ ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በየካቲት ንቅንቅ ያላለ ድንጋይ በነሐሴ ከነጀልባዋ ተጎትቶ ቢሄድ አያስገርምም።

ለአሸዋ የሚሻለው ሁለት ሰፋፊ ምላስ ያለው መልህቅ ነው፤ በተጎተተ ቁጥር ራሱን ይቀብራል። አራት ጥፍር ያለውን ከቶንዲኖ በብየዳ ቤት ማሠራት ስለሚቻል ብዙዎች ይመርጡታል፤ ሆኖም አሸዋውን እየቧጠጠ ያልፋል። የሚጠቅመው ድንጋይ ወይም ግንድና ሥር በበዛበት ስፍራ ነው። እንደ ታታ ሐይቅ ባለ ረጋ ያለ ውሃ ዳርቻ፣ ወለሉ ጭቃ ከሆነና ውሃው ከወገብ ካላለፈ ግን ለመልህቅ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከፊትና ከኋላ ሁለት ጠንካራ እንጨት ተክሎ ጀልባዋን ማሰር ይበቃል። ታንኳውን በረጅም እንጨት እየገፋ የኖረ አስጋሪ ይህን ከእኛ መማር አይሻም።

ከመልህቁ ይበልጥ ቸል የሚባለው ገመዱ ነው። ገመድ ሲያጥር መልህቁን ወደ ላይ ስቦ ይነቅለዋል። ከጀልባዋ የፊት ጫፍ እስከ ወለሉ ያለው ከፍታ ተለክቶ፣ በረጋ ውሃ አምስት እጥፍ፣ በወራጅ ውሃ ሰባት እጥፍ ገመድ ይለቀቃል። ውሃው 1 ሜትር ተኩል ሆኖ የጀልባዋ ጫፍ ከውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል፣ ስሌቱ 2 ሜትር ስለሆነ 14 ሜትር ያስፈልጋል። ሌሊት በኢሉባቦር ደጋ ዘንቦ ወንዙ 1 ሜትር ቢጨምር ያው 14 ሜትር ከአምስት እጥፍ በታች ይወርዳል። በክረምት 25 ሜትር ገመድ በጀልባዋ ላይ ይኑር የምንለው ለዚህ ነው። ናይለን ገመድ ይሰምጣል፣ ሲሳብም ይለጠጣል። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ግን በሞተሩ ላይ ይጠመጠማል። ከመልህቁ ቀጥሎ 2 ሜትር ያህል ሰንሰለት ቢገባ ጎተታው ወደ ወለሉ ዝቅ ይላል።

በወራጅ ውሃ ገመዱ ከኋላ ፈጽሞ አይታሰር። የኋላው ጎን ዝቅ ያለና ሞተር የተሸከመ በመሆኑ ውሃው በላዩ ገብቶ ጀልባዋን በቅጽበት ያሰጥማል፤ በባሮ አዞ እንዳለ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። መልህቁ የሚለቀቀው ጀልባዋ ፊቷን ወደ ላይኛው ውሃ አዙራ፣ ሳይወረወር፣ ቀስ እየተባለ ነው።

ግንድ የያዘውን መልህቅ ለማስለቀቅ ገመዱን አስቀድሞ ከመልህቁ ራስ ጋር ማሰር፣ ከዚያ በዘንጉ ጫፍ ላይ በቀጭን ሲባጎ ማያያዝ ይጠቅማል። በኃይል ሲሳብ ሲባጎው ይበጠስና መልህቁ በራሱ በኩል ወደ ኋላ ይወጣል። ይህም ካልሆነ ገመዱ ይቆረጥ፤ ለዚሁ የሚሆን ስለታም ቢላዋ ሁልጊዜ በጀልባዋ ፊት ይቀመጥ።