ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚነሣ ሕመም

ጥርሱ ሲያሠቃየው የሰነበተ ሰው፥ ጥርሱ ከተነቀለለት በኋላ መከራው ሁሉ ያለፈ ይመስለዋል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ግድም ከፊተኛው የበረታ ሥቃይ ይነሣል። ይህም ይልቁን በጕልምስና መግቢያ ከሁሉ ኋላ የሚበቅለው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ያጋጥማል፤ ሐኪሞችም «ደረቅ ጕድጓድ» ይሉታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥርስ ሲነቀል በመንጋጋው አጥንት ውስጥ የሚቀረው ጕድጓድ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ይህ የረጋ ደም ለአጥንቱ እንደ ልብስ ነው፤ አዲስ ሥጋም የሚያድገው በእርሱ ላይ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ቢወልቅ ወይም ቢሟሟ አጥንቱ ራቍቱን ይቀራል፤ ሕመሙም እስከ ጆሮ ይዘልቃል፤ አፍም መጥፎ ሽታ ያመጣል።

እንግዲህ ጥንቃቄው ሁሉ ይህን ደም መጠበቅ ነው። ሐኪሙ በቍስሉ ላይ ያደረገውን ጎዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሶ መያዝ፤ እስከ ማግስቱም አፍን አለመጕመጥመጥ፥ እንትፍ አለማለት፥ ጕድጓዱን በምላስም በስንጥርም አለመንካት ይገባል። በቀሰም መምጠጥ ደሙን ስቦ ያወጣዋል። ትኵስ ቡናና አረቄ ይቅሩ፤ ሲጋራ ግን ከሁሉ የከፋ ነውና ቢያንስ ሦስት ቀን ይከልከል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴትም አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር፤ ኪኒኑ ለዚህ ሕመም ያጋልጣልና።

ከ24 ሰዓት በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ፥ ከምግብ በኋላ አፍን በዝግታ ማጠብ መልካም ነው። ቆሎና በርበሬ የበዛበት ወጥ ለጊዜው ይቆይ፤ በጾም ወራትም ቢሆን ለብ ያለ አጥሚት፥ አልጫ ሽሮና ድንች አይታጡም።

ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ አካባቢ፥ ከመኪና መንገድ ርቆ የሚኖር ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ወደ ከተማ ወጥቶ ጥርሱን አስነቅሎ በዚያው ቀን ወደ ቀዬው የሚመለስ ሰው፥ ሕመሙ የሚነሣበት ከሐኪም በራቀ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አንዱ «ቻለው፥ ያልፋል» ይለዋል፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ወይም ትምባሆ በጕድጓዱ ሊጨምርለት ይመጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከመነሣቱ በፊት «ቢያመኝ መቼና ወደ ማን ልመለስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቢቻለው ከዘመድ ቤት ሦስት ቀን ይሰንብት፤ ባይቻለው የመመለሻውን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ። ቤተ ሰቡም እርሻውንና ውሃ መቅዳቱን ለጥቂት ቀን ይሸከሙለት።

በተመለሰም ጊዜ ሐኪሙ ጕድጓዱን አጥቦ፥ ብዙ ጊዜ የቅርንፉድ ዘይት ያለበትን ማስታገሻ ያደርግለታል። ከሱቅ ካፕሱል ገዝቶ መዋጥ ይህን አይተካም። ትኵሳት፥ እያደገ የሚሄድ እብጠት ወይም ምግብ ለመዋጥ መቸገር ቢታይ ግን ለአንድ ሌሊት እንኳ አይቆይ።

ሕመምን መታገሥ የተመሰገነ ነው፤ መድኃኒት ያለውን ሕመም በቤት ሸሽጎ መያዝ ግን ትዕግሥት አይባልም ብለን እናሳስባለን።