ኬራቶኮነስ፦ ከሚታሰበው በላይ በወጣቶች ላይ የሚገኝ የዓይን ብሌን በሽታ



ከኢትዮጵያ ለመጡ ብዙ ቤተሰቦች የዓይን በሽታ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚላቸው የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ነው። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ከዚህ ፈጽሞ የተለየ፣ የማይተላለፍና አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የሌለው፣ ስለዚህም ሳይታወቅ የሚቆይ ሌላ የዓይን በሽታ አለ፤ ስሙም ኬራቶኮነስ ይባላል።

በሽታው ምንድን ነው?

ብሌን (ኮርኒያ) በዓይን ፊት ለፊት የሚገኘው የጠራ ሽፋን ነው። የመካከሉ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በኬራቶኮነስ የተያዘ ብሌን እየሳሳ ይሄድና እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ፊት ይሾላል፤ በዚህም ምክንያት ዕይታ ይደበዝዛል፣ ይዛባል። በሽታው ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ለዓመታት ይባባሳል።

ምን ያህል ሰዎችን ይይዛል?

በአሜሪካ በሚኒሶታ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ውጤት ከ100,000 ሰዎች 54 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ስለገለጸ፣ በሽታው ለረጅም ጊዜ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የኢየሩሳሌም ጥናት ግን 981 የኮሌጅ በጎ ፈቃደኞችን በመሣሪያ መርምሮ ከመቶ 2.34 በሚሆኑት ላይ በሽታውን አግኝቷል፤ ይህም ከ43 ሰዎች አንድ ማለት ነው። በሚኒሶታ የተቆጠሩት በሐኪም የታወቁት ሕመምተኞች ብቻ ሲሆኑ፣ በኢየሩሳሌም ግን የብሌን ቅርጽ በሚያነሣው መሣሪያ ሁሉም ተመርምረዋል። በፈቃዳቸው የመጡ ተማሪዎች በመሆናቸው ቁጥሩ የአገሩን ሕዝብ ሁሉ አይወክልም፤ ሆኖም ሳይታወቅባቸው የሚኖሩ ወጣቶች ጥቂት አለመሆናቸውን ያስረዳል።

በምን ይታወቃል?

ልጅዎ መነጽሩን በየጊዜው የሚቀይር ከሆነ፣ አዲሱ መነጽርም ካልረዳው፣ በማታ መብራት ዙሪያ ጥላ ወይም ጸዳል የሚታየው ከሆነ፣ «ትምህርቱ አድክሞት ነው» ብለው አይለፉት። በተለይ ዓይኑን አዘውትሮ የሚያሽ ወይም ከቤተሰቡ መካከል በሽታው ያለበት ሰው ካለ መመርመር ይገባዋል። የቅርብ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ዘንድ በሽታው በብዛት ይታያል፤ ይሁን እንጂ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው በሚጋቡትም ዘንድ ሊከሰት ይችላል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ዓይንን ማሸት ብሌንን ይጎዳል። ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ለማሳከኩ መድኃኒት እንዲታዘዝለት ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ በቤት የተዘጋጀ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ዓይን ውስጥ አይጨመርበት።

የሾለ ብሌን በመድኃኒት ወደ ቀድሞው ቅርጹ አይመለስም። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት ግን በቫይታሚን ቢ 2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር ብሌንን በማጠንከር፣ በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይ መባባሱን መግታት ይቻላል። የዚህ ሕክምና የመጀመሪያ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀርመን ተገልጿል። ዕይታን ለማረም ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ይሰጣል፤ እጅግ ለተጎዳ ደግሞ ከሟች ሰው የተለገሰ ብሌን ይተከላል።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሚሠራበት የጤና መድን ሕግ መሠረት፣ እያንዳንዱ የእስራኤል ነዋሪ የኩፓት ሖሊም አባል የመሆን መብት አለው። ስለዚህ የቤተሰብ ሐኪምዎን ወደ ዓይን ሐኪም እንዲልክዎት ይጠይቁ፤ የዓይን ሐኪሙንም «የልጄ የብሌን ቅርጽ ይታይልኝ» ይበሉት። ቋንቋው የሚያስቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ እንዲገኝልዎ አስቀድመው ያሳውቁ።