የማሲንቆ ወፍራም ድምፅ የት ይጠፋል? ከጊታር ፒክአፕ የምንማረው



የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ሲበላሽ አውልቆ በሌላ መተካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በከተማችን በጎንደር፣ በአዝማሪ ቤቶች ያለ ማጉያ ሞልቶ የሚሰማው ማሲንቆ ግን ከሽቦ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ ይቀጥናል፤ ይሻክራልም። አድማጩ «መሣሪያው ለትልቅ መድረክ አይሆንም» ብሎ ይፈርዳል፤ ወጣቱ ተጫዋችም ማሲንቆውን ሰቅሎ ወደ ኪቦርድ ይዞራል። ዛሬ የማስረዳው ይህ ፍርድ የተሳሳተ መሆኑን ነው። ጥፋቱ ያለው በማሲንቆው ሳይሆን በግንኙነቱ ላይ ነው።

አስቀድመን ጊታሩን እንመልከት። ፒክአፑ ማግኔትና በዙሪያው በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ማግኔታዊውን መስክ ያናውጣል፤ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረትም በጥምጥሙ ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። አዲስ ፒክአፕ የሚተክል ሰው አንዱን ሽቦ በመምረጫው በኩል ወደ ድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው፣ ሁለተኛውን ወደ ግራውንድ ይበይዳል። ለባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ በተለምዶ የ250፣ ለባለ ሁለት ጥምጥም የ500 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ ይመረጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የቀጭኑ ድምፅ ጥራት ይደበዝዛል። ስለዚህ የድምፁን መልክ የሚወስነው ፒክአፑ ብቻ አይደለም፤ የተገናኘበት ሬዚስታንስም ነው።

ወደ ማሲንቆ ስንመለስ፣ ክሩም ደጋኑም የተሠሩት ከፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ማግኔትን አያናውጥም፤ ስለዚህ የጊታር ፒክአፕ ለማሲንቆ ደንቆሮ ነው። የብረት ክር የተገጠመለት ክራር በማግኔት ሊሰማ ይችላል፤ የጅማት ወይም የናይለን ክር ያለው ግን አይሰማም። ለእነዚህ የሚያገለግለው ፒዬዞ ነው፤ ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያመነጫሉ። ቀጭኑ የፒዬዞ ዲስክ ጭራውን ከሚሸከመው ትንሽ እንጨት አጠገብ ሲለጠፍ ርግብግቢቱን በቀጥታ ይቀበላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የፒዬዞ ዲስክ በባሕርዩ ካፓሲተር ነው። መጠኑ 20 ናኖፋራድ ነው እንበልና የሬዚስታንስ መግቢያው 10 ኪሎ ኦም ከሆነ የሚክሰር መስመር ጋር በቀጥታ እናገናኘው። አንድን በ2π፣ በሬዚስታንሱና በካፓሲተሩ ብዜት ስናካፍል 800 ኸርዝ ገደማ እናገኛለን። ከዚህ በታች ያለው ድምፅ እየተዳከመ ይሄዳል፤ የማሲንቆ መሠረታዊ ድምፆች ደግሞ በአብዛኛው የሚገኙት ከዚህ በታች ነው። የሚቀረው የደጋኑ ፍትጊያና ጭረት ነው። በጊታሩ አነስተኛ ሬዚስታንስ ቀጭኑን ድምፅ ሲበላ፣ በፒዬዞ ወፍራሙን ይበላል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በዲስኩና በሚክሰሩ መካከል መግቢያው 1 ሜጋ ኦም የሆነ ቅድመ ማጉያ ሲገባ መስመሩ ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፤ ይህም የሰው ጆሮ ከሚሰማው በታች ነው። ከዲስኩ እስከ ቅድመ ማጉያው ያለው ኬብል አጭርና የተሸፈነ ይሁን፤ አለዚያ የመብራቱን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይለቅማል። ዲስኩም ቀላል ይሁን፤ ከባድ ነገር የቆዳውን ርግብግቢት ያፍናል። የሚለጠፍበትን ቦታ ከመወሰናችን በፊት ባለሙያው ራሱ እየተጫወተ ሁለት ሦስት ቦታ ይሞከር፤ የመሣሪያውን ትክክለኛ ድምፅ ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው የእርሱ ጆሮ ነውና።

ተማሪዎቼ፣ ይህ ስሌት ከአንደኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ትምህርት አያልፍም። አንድን ቅርስ «ዘመኑ አለፈበት» ከማለታችን በፊት በትክክል አገናኝተነው እንደሆነ እንጠይቅ።