«ዕጢ»፣ «ነቀርሳ»፣ «ቧንቧ»፦ የወንዶች የሽንት አካላት ሕመሞች ስያሜ

በሙያዊ ቃላት ሥራ አንድ ስያሜ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን በተሸከመ ጊዜ ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም። ለዚህም ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች የሚታመሙባቸው የሽንት አካላት ሕመሞች ስያሜ ጥሩ ምሳሌ ነው። ችግሩ ይበልጥ የሚከብደው እንደ ሰመራና አዋሽ ባሉ የአፋር ከተሞች ነው፤ በዚያ የሐኪሙ ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ አፋርኛ ተሻግሮ ለበሽተኛው ሊደርስ ይችላልና፣ በመጀመሪያው ትርጉም የደበዘዘ ፍች በሁለተኛው ፈጽሞ ይጠፋል። አስተርጓሚው ልጅ ወይም ዘመድ በሆነ ጊዜ ደግሞ ኀፍረት ይታከልበታል። ከዚህ በታች አራት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

ሀ/ ዕጢ። ቃሉ በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ፈሳሽ ወይም ሆርሞን የሚያመነጭ የተፈጥሮ አካል ነው፤ «የታይሮይድ ዕጢ» እንዲሉ። ሁለተኛው ያለ ቦታው የበቀለ እባጭ ነው፤ «በጡቷ ላይ ዕጢ ወጣ» እንዲሉ። ፕሮስቴት በመጀመሪያው ፍች ዕጢ ነው። ስሙ በግሪክ ቋንቋ «በፊት የቆመ» ማለት ሲሆን፣ ከፊኛ በታች ሆኖ የሽንት መውጫውን ዙሪያውን ያቀፈ፣ በጎልማሳ ሰው 20 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከዘር ፈሳሽ ከፊሉን የሚያመነጭ አካል ነው። ነገር ግን «የፕሮስቴት ዕጢ» ሲባል የሰማ ሽማግሌ ሁለተኛውን ፍች ይይዝና ጤነኛው አካል ራሱ በሽታ ይመስለዋል። «ፕሮስቴት አለበት» የሚለው የተለመደ አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ይመስለናል።

ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ካለፈ ወንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ፕሮስቴት ይተልቃል። ይህ መተለቅ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የሚተልቀው ቧንቧውን ያቀፈው ውስጠኛው ክፍል ስለሆነ ሽንት ቶሎ አልመጣ ይላል፤ ኀይሉ ይደክማል፤ ይንጠባጠባል፤ ሌሊት ደጋግሞ ከእንቅልፍ ያስነሣል። ጨርሶ ከታገደ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ ያሻል። ካንሰሩ በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከውጭኛው ክፍል ነውና በመጀመሪያ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አንዱን በሽተኛ በከንቱ ያስደነግጣል፤ ሌላውን ያዘናጋል። ስለዚህ «ፕሮስቴት» ለአካሉ፣ «የፕሮስቴት መተለቅ» እና «የፕሮስቴት ካንሰር» ለሕመሞቹ ቢመደቡ ይሻላል።

ለ/ ነቀርሳ። ብቻውን ሲነገር ካንሰር ማለት ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ተላላፊው ቲቢ ነው። ቲቢ ፕሮስቴትንና ኩላሊትን ሊያጠቃ ስለሚችል «የፕሮስቴት ነቀርሳ» የሚለው ሐረግ ለተርጓሚውም አሻሚ ነው፤ ቤተሰቡም ይተላለፋል ብሎ ሊሰጋ ይችላል። እዚህ ላይ የተውሶው ቃል «ካንሰር» ከነባሩ ይመረጣል።

ሐ/ የሽንት ቧንቧ። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት ሁለቱ ቱቦዎችም፣ ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወጣው አንዱ ቱቦም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በቆላው ሙቀት ሰውነት በላብ ብዙ ውሃ ስለሚያጣ ሽንት ይወፍራል፤ ጠጠርም ለመፈጠር ይመቸዋል። «ጠጠር በሽንት ቧንቧ ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ግን ጠጠሩ የት እንዳለ አይነግርም። «የላይኛው» እና «የታችኛው» የሚሉ ቅጽሎች ቢጨመሩ ችግሩ ይቃለላል።

መ/ ደም መሽናት። ይህ የምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሸለቆ የሽንት ቢልሃርዝያ ይገኛል፤ ተሸካሚዋም በረግረግ ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ናት። በወይና ደጋው የሚበዛው የአንጀቱ ዓይነት ስለሆነ «ቢልሃርዝያ» ብሎ መተው አይበቃም፤ «የሽንት» የሚለው ሊጨመር ይገባል። በሌላ በኩል በዚያ ሸለቆ ደም የሚሸና ሰው ሁሉ ቢልሃርዝያ ይዞታል ማለት አይደለም፤ ጠጠር ወይም የፊኛ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያልታከመ የሽንት ቢልሃርዝያም ራሱ ለፊኛ ካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ ተርጓሚው ምልክቱን እንደ ተነገረው ማስተላለፍ እንጂ በበሽታ ስም መተካት የለበትም።

ከዚህ የምንረዳው፣ የስያሜ መልካምነት የሚለካው በነባርነቱ ወይም በተውሶነቱ ሳይሆን ለሰሚው አንድ ነገር ብቻ በማስገንዘቡ መሆኑን ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ ለሚሻገር ቃል ደግሞ ይህ ግዴታ እጥፍ ይሆናል።